ሴት ለመሆኔ ማስረጃ

እናንተ፣ ሴት ወይም ወንድ ለመሆናችሁ ማስረጃ አላችሁ? መስታወት ፊት የሚታየውን አይደለም የምጠይቃችሁ። ማኅተም ያረፈበት፣ ፊርማ የተጫረበት ወረቀት ማለቴ ነው። ከሌላችሁ አትሳቁብኝ። እኔም እስካለፈው ጥቅምት ድረስ እንደናንተው ተዝናንቼ፣ ሴት ነኝ ብዬ የምኖር ሰው ነበርኩ። አግብቼ፣ አንድ ወልጄ፣ ሁለተኛውን በሆዴ ይዤ ዲላን ከላይ እስከ ታች እየዞርኩ፣ «ለመሆኑ ሴት ነሽ?» የሚለኝ ሰው ይመጣል ብዬ በሕልሜም አላሰብኩም።

ሥራዬ ጨርቅ ሻጭነት ነው። የሐጂ ሙደሲር ሱቅ ውስጥ ከመጋረጃ እስከ አቡጀዲ እየለካሁ እቆርጣለሁ። ባሌ በረከት የአይሱዙ ሾፌር ነው፤ ቡና ሲደርስ በአሪቻና በኮንጋ መንገድ ቀይ ቡና ወደ ማጠቢያ ጣቢያ ሲያመላልስ፣ ቤቱን የሚያውቀው በስልክ ብቻ ነው። እንዲያውም አንዳንዴ ደውሎ «እንዴት ናችሁ?» ሲለኝ፣ ማን ልበል ልለው ይዳዳኛል።

ነርስ የመሆን ሐሳብ የመጣብኝ ልጄ ሜሮን የታመመች ጊዜ ነው። ክሊኒክ ይዣት ሄድኩ። መርፌ የያዘችው ነርስ ገና ከበሩ ጀምራ ጮኸችብኝ። «ያዢያት! እጇን ያዢ! ምን ያንቀጠቅጥሻል? አንቺ ነሽ የታመምሽው ወይስ እሷ?» ልጅቷ ያቺን ሴት አይታ ይባስ ጮኸች፤ እኔም ልጮህ ምንም አልቀረኝ። በልቤ ግን «ትምህርቱ ይሄ ከሆነ፣ እኔ ሳልመዘገብ ጨርሼዋለሁ» አልኩ። ወዲያው ሌላ ነርስ መጣች። እሷ አልጮኸችም። የሜሮን ጫማ ላይ የተሳለችውን ቢራቢሮ እያየች «ይቺ ትበራለች?» ብላ ጠየቀቻት፤ ልጄ ስለ ቢራቢሮዋ ስታስረዳ መርፌው ገብቶ ወጣ። የመጀመሪያዋን አይቼ «እችላለሁ» አልኩ፤ ሁለተኛዋን አይቼ «እፈልጋለሁ» አልኩ።

ዘንድሮ ታዲያ እዚሁ ከተማችን ያለ አንድ ጤና ኮሌጅ ለሠራተኞችም የሚመች የከሰዓት የነርሲንግ ትምህርት ከፈተ። ሐጂም ፈቀዱልኝ። የአስራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቴ ደግሞ፣ እንዴት ልበላችሁ፣ ለወንድ በተቀመጠው መግቢያ ደጃፍ ላይ የምትወድቅ፣ ለሴት በተቀመጠው ግን በጥፍሯ ተንጠልጥላም ቢሆን የምታልፍ ውጤት ናት። አለፈች ማለት ነው። የቀረኝ መመዝገብ ብቻ ነበር። «ብቻ» የምትለዋን ቃል ከአማርኛ የሚያወጣልኝ ባገኝ እመርቀዋለሁ።

የመጀመሪያው እንቅፋት ጎረቤቴ አስቴር ናት። አስቴር ኮሌጁ ላይብረሪ ውስጥ ስለምትሠራ፣ ስለ ኮሌጁ የማታውቀው ነገር የለም፤ የምታውቀው ሁሉ ልክ አይደለም እንጂ። ሆዴን አየችና ራሷን ነቀነቀች።

«እንዲህ ሆነሽማ አይመዘግቡሽም።»

«ለምን?»

«የተግባር ልምምድ አለ፣ ሆስፒታል መቆም አለ። የገፋች እርጉዝ ካዩ 'በሚቀጥለው ዓመት ነይ' ነው የሚሉሽ። ስንቷን መልሰዋል መሰለሽ!»

በሚቀጥለው ዓመት! ሁለት ልጅ ይዛ፣ ባሏ መንገድ ላይ የሚያድር ሴት «በሚቀጥለው ዓመት» ካለች ነገሩ እዚያው ተቀበረ ማለት ነው። እኔ ራሴን አውቀዋለሁ። የሚቀጥለው ዓመት ሲመጣ ልጁ ጥርስ ያበቅላል፤ በሌላው ዓመት ሜሮን ትምህርት ቤት ትገባለች፤ ከዚያ በኋላ የመጋረጃ ጨርቅ እየለካሁ ጡረታ እወጣለሁ። ስለዚህ አንድ ውሳኔ ወሰንኩ፤ ሆዴን መደበቅ።

የዘጠኝ ወር ሆድ እንዴት ይደበቃል? በባሌ የዝናብ ካፖርት። በረከት ጭነት ሲሸፍን የሚለብሳት፣ እስከ ጉልበት የምትደርስ፣ ሁለት ሰው የምትችል ካፖርት አለችው። ለበስኳት። መስታወት ፊት ቆምኩ። እርጉዝ አልመስልም፤ ትንሽዬ ድንኳን ነው የምመስለው። ይበቃል አልኩና ወጣሁ። የጥቅምት ሰማይ ታዲያ ሳምንቱን ሙሉ ሲያለቅስ ሰንብቶ፣ የዚያን ዕለት እንባውን ጠርጎ ጥርሱን አሳየን። የፀሐዩን ነገር ተዉት። የኮሌጁ ዘበኛ ሰማዩን አየ፣ እኔን አየ፣ ሰማዩን ደግሞ አየ፤ አሳለፈኝ።

ሰልፉ ላይ የቆሙት ገና ፂም እንኳ ያላበቀሉ ልጆች ናቸው። አንዱ ከኋላዬ ትከሻዬን ነካ አደረገኝ።

«ፋዘር፣ ሰልፉ በዚህ ነው።»

ዞርኩ።

«ውይ! ይቅርታ ማዘር። ልጅዎትን ሊያስመዘግቡ ነው?»

«ራሴን ነው።»

«አቦ ይመችዎት! ሪስፔክት!» አለና ለጓደኞቹ አስተዋወቀኝ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ስሜ «ማዘር» ሆኖ ቀረ።

ተራዬ ደረሰ። የምዝገባው ኃላፊ አቶ ዘለቀ ይባላሉ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ይህን አስቀድሜ ልናገር። ክፉ ቢሆኑ ይሻለኝ ነበር፤ ክፉ ሰው ይደክመዋል። እሳቸው ግን ጥንቁቅ ናቸው። ማስረጃዬን ተቀብለው መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቀሉና ከኋላዬ ሰው ፈለጉ።

«ባለ ማስረጃው የታለ?»

«እኔ ነኝ።»

«አይ፣ ልጁን ነው የምልሽ። ወንድምሽ ነው?»

«እኔ ነኝ እኮ ጌታዬ። ፎቶዬም አለ።»

ጣታቸውን ወረቀቱ ላይ አሳረፉ። «ፆታ፤ ወንድ።»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። እውነትም «ወንድ» ይላል። ይሄን ሁሉ ዓመት ሳጥን ውስጥ በፕላስቲክ ጠቅልዬ ያኖርኩት ወረቀት ወንድ ኖሯል! ስሜን አልነግራችሁም፤ ለወንድም ለሴትም ከሚወጡት ስሞች አንዱ ነው። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ገና ሳልወለድ «የመጣው ይምጣ» ብሎ ያወጣልኝ ነው። ትምህርት ቤት የነበረው ጸሐፊ ስሙን አይቶ፣ ልጅቷን ሳያይ ጻፈ። በቃ።

መታወቂያዬን አውጥቼ ዘረጋሁላቸው። «ይኸው፣ እዚህ ሴት ይላል።»

«መታወቂያሽ ሴት ነሽ ይላል። የትምህርት ማስረጃሽ ወንድ ነህ ይላል። እኔ የትኛውን ልመን?»

«ዓይንዎን ይመኑ!»

«ዓይኔ ፋይል ውስጥ አይገባም፣ ልጄ» አሉኝ በሐዘኔታ። «ሲስተሙ የያዘሽ በወንድ ነው። በወንድ መግቢያ ደግሞ ውጤትሽ አይሞላም። ሴት ለመሆንሽ ከቀበሌሽ ደብዳቤ አምጪ። ምዝገባው አርብ ይዘጋል።»

አሁን የገባሁበትን ወጥመድ እዩልኝ። ካፖርቷን ከፈት ባደርግ በዓለም ላይ የኔን ያህል ማስረጃ ያለው ሰው የለም፤ ማስረጃው እንዲያውም እየተራገጠ ነበር። ግን ያን ካሳየሁ ሴትነቴ ተረጋግጦ «በሚቀጥለው ዓመት ነይ» ልባል ነው። ካላሳየሁ ወንድ ሆኜ ልወድቅ ነው። ካፖርቷን አጥብቄ ይዤ ወጣሁ።

ለበረከት ደወልኩ። ታሪኩን ሰማና፣ ሾፌር አይደል፣ አቋራጭ መንገድ ፈለገ።

«ታዲያ ለምን ወንድ ሆነሽ አትመዘገቢም? ወንድን ማን እርጉዝ ነህ ወይ ይለዋል?»

«ውጤቴ ለወንድ አይበቃማ!»

«እንግዲያው ሴት ሁኚ።»

«ሴት ከሆንኩ እርጉዝ ነኝ!»

«ሄሎ? ሄሎ? ኔትወርኩ ሊቆራረጥ ነው» አለኝ። ኔትወርክ ሊቆራረጥ ሲል አስቀድሞ የሚያውቅ ባል የኔ ብቻ ነው።

ቀበሌ ሄድኩ። ሥራ አስኪያጁ ወጣት ነው፤ ኮቱ ይምርበታል፤ ወንበሩ ግን ገና አልለመደውም። ጉዳዬን አዳምጦ እጆቹን አጣመረ።

«እኛ ነዋሪነትን ነው የምናረጋግጠው። ፆታ አናረጋግጥም።»

«ለምን?»

«ጠይቆን የሚያውቅ የለማ።»

ብዙ ከተከራከርን በኋላ የሚያውቁኝ ምስክሮች ካመጣሁ ደብዳቤ እንደሚጽፍ ተስማማን። ባሌ መንገድ ላይ ነው። ስለዚህ በማግስቱ ከጪጩ እናቴን አስጠራሁ፤ ከሱቅ ሐጂን ለመንኩ።

ሐጂ መጀመሪያ ቀረቡ። ሐጂ ምስክርነትን እንደ እሳት የሚፈሩ ሰው ናቸው። ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ እኔን ላለማየት ጣሪያውን እያዩ ተናገሩ።

«ወላሂ፣ መሐላ ከባድ ነገር ነው። እኔ ያላየሁትን አልመሰክርም።»

«ሐጂ!» አልኩ።

«ታገሺኝ ልጄ። ሱቄ ውስጥ ለብዙ ዓመት ሠርታለች። ደንበኞች 'እህቴ' ሲሏት ሰምቻለሁ። እሷም 'አቤት' ስትል ሰምቻለሁ። 'ወንድሜ' ብሎ የጠራት ደንበኛ አልሰማሁም። ይህን እመሰክራለሁ። ከዚህ ያለፈውን አላህ ነው የሚያውቀው።»

ሥራ አስኪያጁ «እህቴ፤ አቤት» ብሎ ጻፈ።

ቀጥላ እናቴ ገባች። እናቴ ጌዴኦ ናት፤ አማርኛን የለመደችው ገበያ ላይ ስለሆነ፣ ወንድና ሴት እንደ ስሜቷ ነው የምትለዋውጠው። ስትወደኝ «አንተ» ትለኛለች፤ ስትቆጣኝም «አንተ» ትለኛለች። በጥያቄው ተናዳ ስለመጣች፣ የተሸከመችውን ቆጮ ጠረጴዛው ላይ ዘጭ አደረገችው።

«እሱ ልጄ ነው። እሱ ሴት ነው» አለች።

ሥራ አስኪያጁ ብዕሩን አነሳ። «እማማ፣ እሱ ነው ወይስ እሷ?»

«እሱ! ይሄ! ሴት ነው አልኩ። እኔ ነኝ የወለድኩት። ከወለደው በላይ አንቺ ታውቂያለሽ?»

የሥራ አስኪያጁ ደም ፊቱ ላይ ወጣ። «እማማ፣ እኔ እኮ ወንድ ነኝ።»

እናቴ ከእግር እስከ ራሱ ቀስ ብላ አየችው።

«ወረቀት አለሽ?»

ሐጂ በሳል አሳበው ወጡ። እናቴ አውቃ ትበለው ወይ አማርኛው አምልጧት ዛሬም አላውቅም፤ ስጠይቃት ቆጮውን ነው የምታወራኝ። ሥራ አስኪያጁ ግን ከዚያ በኋላ አንድ ጥያቄ አልጨመረም። ደብዳቤው ወዲያው ተጻፈ። የቀረው ማኅተም ነበር፤ ማኅተም ያዢዋ ስብሰባ ላይ ናት። ማኅተም እንዲህ ነው፤ ከሊቀመንበር በላይ ስብሰባ ይወዳል። እስኪመሽ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ እግሬ እንደ ድፎ እያበጠ፣ ካፖርቷ ውስጥ ተቀቅዬ ጠበቅኩ። ተመታልኝ።

ሮጬ ኮሌጅ ደረስኩ፤ በማግስቱ ጠዋት ማለቴ ነው፤ ሮጬም አይደለም፤ እንደ ዳክዬ እየተወዛወዝኩ። አቶ ዘለቀ ደብዳቤውን አነበቡ። ደግመው አነበቡ። ከዚያ ጮክ ብለው አነበቡልኝ።

«'አመልካቹ የቀበሌያችን ነዋሪ ሲሆን፣ ሴት መሆኑ በምስክሮች ተረጋግጦለታል።'»

መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቀሉ።

«'አመልካቹ' ይላል» አሉ። «'ተረጋግጦለታል' ይላል።»

«ሴት መሆኑ ይላል እኮ!»

«እሱን ነው የምልሽ። ደብዳቤው ራሱ አልወሰነም።»

ያን ጊዜ ማልቀስ ጀመርኩ። እርጉዝ ስትሆኑ እንባ ቀጠሮ አይጠይቅም። አቶ ዘለቀ ደነገጡ፤ ውሃ አስመጡልኝ፤ መሐረባቸውንም ሰጡኝ፤ መሐረብ ሲሰጡኝ ግን «አይዞህ» ነው ያሉኝ፣ ወረቀቱን እያዩ። ከዚያ መፍትሔ አመጡ። «የሐኪም ማስረጃ አምጪ። ሐኪም ያለውን ማንም አይከራከርም። ነገ የመጨረሻው ቀን ነው።»

ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ወጣቱ ጤና መኮንን ምን እንደምፈልግ ስነግረው ቀና ብሎ በሩን አየ፤ የሚቀልዱበት ጓደኞቹ ከውጭ የቆሙ መስሎት።

«ሴት ለመሆንሽ ነው?»

«አዎ።»

«ካፖርቱን አውልቂው።»

አወለቅሁ። ሆዴን አየና እስኪበቃው ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ሳቁን ሲጨርስ በሥርዓት መረመረኝ፣ ደም ግፊቴን ለካ፣ የልጁን የልብ ምት አዳመጠ፣ «እህቴ፣ አንቺ እኮ ደርሰሻል፤ ቤትሽ ተቀመጪ» አለኝና መጻፍ ጀመረ። በትከሻው ላይ አንገቴን አስግጌ አነበብኩ። «ሴት ስትሆን፣ የደረሰ እርግዝና...»

«እሱን ተወው! ሴት የሚለው ይበቃል!»

«እንዴት ይበቃል? በምን አረጋገጥክ ቢሉኝ ምን ልበል? ማስረጃዬ እኮ ይሄው ነው» አለና በብዕሩ ሆዴን አመለከተ። ለመንኩት። አልሰማኝም። የዚያ ሁሉ ድካም፣ የካፖርቷ፣ የላቡ፣ የምስክሩ ውጤት አንዲት ፖስታ ሆነች፤ ሴት መሆኔንም፣ መመዝገብ አለመቻሌንም በአንድ ማኅተም የምታረጋግጥ ፖስታ።

አርብ ጠዋት ወገቤን ይዞኝ ተነሳሁ። የድካም ነው አልኩ። ሜሮንን ለእናቴ ትቼ፣ ፖስታዬን ይዤ፣ ካፖርቴን ለብሼ ሄድኩ። ሰልፉ እስከ በሩ ደርሷል። አቶ ዘለቀ በመስኮቱ ብቅ ብለው አወጁ። «ሲስተም የለም። እስኪመጣ ታገሱ።»

ሲስተምና ዝናብ አንድ ናቸው፤ ሲፈለጉ ይጠፋሉ፣ በጸሎት ይመጣሉ። ቆምን። ወገቤ መጣ፣ ሄደ። ደግሞ መጣ። አንድ ልጅ የወለደች ሴት ያንን ሕመም አታውቀውም ማለት ውሸት ነው፤ አወቅሁት፤ ግን አላውቅህም አልኩት። ያበደረህን ሰው መንገድ ላይ አይተህ ፊትህን እንደምታዞረው። እንደኔው ወረቀት ጎድሎት የተመለሰው ያ ልጅ ከኋላዬ «ማዘር፣ ደህና ነዎት? ፊትዎ ተቀያየረ እኮ» አለኝ። ጥርሴን ነክሼ «ሙቀቱ ነው» አልኩት። «ካፖርቱን ያውልቁታ!» አለኝ። ዓለም ሁሉ ካፖርቴ ላይ ተነሳ።

በመጨረሻ ከመስኮቱ «መጣ! ሲስተሙ መጣ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ልጆቹ አጨበጨቡ። እነሱ ሲያጨበጭቡ የኔም ነገር መጣ። ውሃዬ ፈሰሰ።

ልጆቹ ወደፊት አሳልፈውኝ፣ አቶ ዘለቀ ጠረጴዛ ፊት ነበርኩ። ወለሉን አዩ፤ ካፖርቷን አዩ።

«ውጭ ዝናብ ጀመረ እንዴ?»

ጠረጴዛቸውን በሁለት እጄ ጨበጥኩት። «ይመዝግቡኝ።»

«ምን ሆንሽ?»

«ምጥ ላይ ነኝ! ይመዝግቡኝ!»

ፖስታውን ወረወርኩላቸው፤ አልከፈቱትም። ካፖርቷ ራሷ ተከፍታ ነበርና ማስረጃውን በዓይናቸው አዩት። ያ ጥንቁቅ ሰው ብድግ አሉ፣ ተቀመጡ፣ ደግሞ ብድግ አሉ። ሰልፉ ተበተነ። ነገ ነርስ ልንሆን ነው ብለው የተሰለፉት ልጆች ግማሾቹ በር ዘለው ወጡ፤ አንዷ ጮክ ብላ መጸለይ ጀመረች፤ «ማዘር» የሚለኝ ልጅ ደግሞ እጄን ያዘኝና እኔን ማጽናናቱን ትቶ «እናቴ ድረሺ! እናቴ ድረሺ!» ይላል።

«ባጃጅ ጥሩ!» አሉ አቶ ዘለቀ።

«መጀመሪያ ይመዝግቡኝ!» አልኩ። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል፤ ያን ጊዜ ግን ልጁ ከሚመጣና ምዝገባው ከሚዘጋ የቱ እንደሚቀድም ነበር ጭንቀቴ። ሰውየው ኮምፒውተሩን በችኮላ ነካኩ፤ «ሴት... ሴት... እሺ አለ! ገባሽ! ገባሽ!» ብለው ጮኹ። ድል አድርጌ መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

በጩኸቱ ሲስተር ወርቅነሽ መጣች፤ የኮሌጁ መምህርት ናት፤ በዕድሜ ገፋ ያለች፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ። አንዴ አየችኝና «ባጃጁ ይቅር፤ አትደርስም። ወደ መለማመጃ ክፍሉ አስገቧት። አምቡላንስም ይጠራ» አለች። መለማመጃ ክፍሉ ውስጥ አንዲት የፕላስቲክ ሴት አልጋ ላይ ተጋድማለች፤ ተማሪዎች የሚማሩባት። አንስተው ጥግ ላይ አቆሟት፤ እኔ ቦታዋን ወሰድኩ። ሁለት የሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች ጓንት አጠለቁ፤ አቶ ዘለቀ በር ላይ ጀርባቸውን ሰጥተው ዘበኛ ቆሙ።

ከዚያ የሆነውን እናቶች ታውቁታላችሁ፤ ለሌሎቻችሁ አላብራራም። አንድ ነገር ግን ልናገር። እዚያ ጣር ውስጥ ሆኜ የሲስተርን ድምፅ እሰማ ነበር። ለተማሪዎቹ ነበር የምትናገረው። «አሁን አትጫኗት። ዓይኗን እዩ። እየሰማች ነው፤ የምታደርጉትን ሁሉ አስቀድማችሁ ንገሯት።» ፈራሁ ስል «ፈርታለች፤ እጇን ያዙ» ትላለች። ሕመሙ ሲመጣ መጮኼን፣ ሲሄድ ደግሞ ማዳመጤን ቀጠልኩ። መጀመሪያ የሰማሁት ትምህርት ይሄ ነው፤ ተመዝግቤ ገና ግማሽ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ።

ወንድ ልጅ ወለድኩ። ጤነኛ ነው። አለቀሰ፤ በረንዳው ላይ የነበሩት ልጆች ከሲስተሙ በላይ አጨበጨቡለት።

ልጄን ደረቴ ላይ አድርጌ፣ አምቡላንሱ እስኪመጣ ስንጠብቅ፣ ሲስተርን በፍርሃት ጠየቅኳት። «አሁን ታዲያ... ልታስወጡኝ ነው?»

«ለምን?»

«እርጉዝ አይመዘገብም ተብሎ...»

«ማን አለሽ?» አለች ሲስተር፣ ከልቧ ተገርማ። «እኔ ሁለቱን ልጆቼን የወለድኩት ነርሲንግ ስማር ነው። እዚህም በየዓመቱ የሚወልዱ አሉን። ደንቡ ፈቃድ ትወስጃለሽ ነው የሚለው።»

ዓይኔን ጨፈንኩ። ይሄን ሁሉ ቀን! ያ ካፖርት! ያ ሙቀት! አስቴርን በዓይነ ሕሊናዬ አየኋት፤ ላይብረሪዋ ውስጥ፣ በመጽሐፍ ተከብባ፣ አንዱንም ሳትከፍት ስታውቅ። ሆዴ ባዶ ባይሆን ኖሮ በሳቅ ነበር የምወልደው፤ ግን አልሳቅሁም። ለመናደድ እንኳ አቅም አልነበረኝም፤ ንዴቱን ለሌላ ቀን አስቀመጥኩት።

ያ ቀን መጣ፤ የተናደድኩት ግን በአስቴር አልነበረም። ፈቃዴን ጨርሼ ትምህርት ከጀመርኩ በኋላ የመጀመሪያውን የእናቶች ጤና ፈተና ተፈተንን። የሲስተር ወርቅነሽ ጥያቄ አንዱ «አንዲት እናት ምጥ ላይ ስትሆን የምታሳየውን ሁኔታ ጻፉ» ይላል። ተመስገን አልኩ። ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሕፃናት ደብተራቸውን ሲያስታውሱ፣ እኔ ወገቤን አስታወስኩ። የወረቀቱን ጀርባ ሞልቼ፣ ተጨማሪ ወረቀት ጠይቄ ጻፍኩ። ጎኔ የተቀመጠው ያ ልጅ «ማዘር፣ ይሄ እኮ ለእርስዎ ነጻ ነጥብ ነው» ብሎ አንሾካሾከ።

ወረቀቱ ሲመለስ ለዚያ ጥያቄ ዜሮ አገኘሁ።

ዜሮ! በገዛ ምጤ! ሲስተር ቢሮ በሩን ሳላንኳኳ ገባሁ። «ሲስተር፣ እርስዎ እኮ እዚያው ነበሩ! ያየሁትን ነው የጻፍኩት! የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት?»

ወረቀቴን ተቀብላ መነጽሯን አደረገች፤ ሁሉንም ከላይ እስከ ታች በትዕግሥት አነበበችው።

«አልተሳሳትሽም» አለች። «ሁሉም እውነት ነው። ግን የጻፍሽው አንቺን ምን እንዳመመሽ ነው። እኔ የጠየቅሁት ሌላዋ ሴት ስትታመም በምን እንደምታውቂላት ነው። የሷን ሕመም አንቺ አትታመሚውም፤ ማየት አለብሽ።»

ክርክር ነበረኝ፤ ከቀበሌ ጀምሮ ያጠራቀምኩት ክርክር። ሴትየዋ ግን ልክ ናት። ልክ ከሆነ ሰው ጋር መከራከር ደግሞ ሲስተም ከመጠበቅ ይከፋል።

ዜሮዬን ይዤ ወጣሁ። ግቢው ውስጥ እናቴ ልጁን አዝላ እየተንጎራደደች ትጠብቀኛለች፤ ጡት የማጥቢያው ሰዓት ነው። ልጁን ተቀብዬ ልቀመጥ ስል አንድ ነገር ዓይኔ ገባ። እናቴ ስትቆም በግራ እግሯ ላይ አትደገፍም። ቀኙ ላይ ብቻ ነው ክብደቷን የምትጥለው። ይሄን ሁሉ ጊዜ ከጪጩ እየተመላለሰች ልጄን ስታዝልልኝ አንድ ቀን እንኳ አመመኝ አላለችም፤ እኔም አንድ ቀን አላየሁም።

«እማዬ፣ ጉልበትሽን ያምሻል?»

«ማን አለህ?» አለችኝ ተቆጥታ።

«ማንም። አየሁት።»

አጠገቤ ቀስ ብላ ተቀመጠችና፣ ቀሚሷን ትንሽ ገለጥ አድርጋ፣ ያበጠውን ጉልበቷን አሳየችኝ።